ብዙ ቅርንጫፍ በአንድ ግንድ

አንድነት መመሳሰልን የግድ ይጠይቃልን?

አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ሰው ሳም ቫን ኤከን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አርባ ዓይነት የኮክ፣ የፕሪምና የመሳሰሉትን ዝርያዎች በአንድ ዛፍ ላይ በማዳቀል ሕያው የጥበብ ሥራ ሠርቷል። አሠራሩ ተአምር አይደለም። አትክልተኛ የግንዱን ቅርፊት በስለት ይከፍታል፤ ከሌላ ዛፍ የቆረጠውንም ቅርንጫፍ አጋጥሞ ያስራል። ቁስሉ ሲሽር ሁለቱ ከአንድ ሥር ይጠጣሉ፤ ሆኖም ኮኩ ኮክ፣ ፕሪሙም ፕሪም ሆኖ ያፈራል።

ጥያቄው ለቢቸናና ለሞጣ ሰው እንግዳ አይደለም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ በአንድ ለቅሶ ሲቀመጡ በኖሩባት በሞጣ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ወገኖቻችንም ሱቆች ተዘረፉ። አብሮ መኖር ብቻውን መጋጠም እንዳልሆነ ያን ቀን አየን።

መጋጠም ያለ ቁስል አይሆንም፤ የሚቆረጠውም ቅርንጫፉ ብቻ ሳይሆን ግንዱም ጭምር ነው። «ሌላው ይቆረጥ፣ እኔ ግን አልነካ» የሚል አንድነትን አልፈለገም። ደግሞም ብርቱው ቅርንጫፍ የደካማውን ምግብ እንዳይሻማ አትክልተኛው ይገርዘዋል። እንዲሁ ብዙ የሆነው ወገን ጥቂት ለሆነው ሲል ራሱን ሊገታ ይገባዋል።

«ኮክ ከብርቱካን ጋር አይጋጠምም፤ ሃይማኖታችንስ ይለያይ የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ እምነትን ከእምነት እንቀላቅል አላልንም። ነገር ግን ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል በመፈጠሩ ከአንድ ሥር ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ ሰውን በወንድምነት ካልተቀበልን የሁሉ አባት የሆነውን እግዚአብሔርን ልንጠራ እንደማንችል አስተምሯል።

አትክልተኛ መልካሙን ቅርንጫፍ በዱር ግንድ ላይ ያጋጥማል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 11 ነገሩን ገልብጦ፣ የዱር ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ላይ መግባቱን ይናገራል፤ ይህም ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ መሆኑን አይሸሽግም። የገባነው በጸጋ ነውና በሌላው ቅርንጫፍ ላይ እንዳንታበይ ያስጠነቅቀናል፤ ሥሩ እኛን ይሸከመናል እንጂ እኛ ሥሩን አንሸከምምና።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ልጆቻችሁን ወደ ወይራ ዛፍ ጥላ ወስዳችሁ ይህን አስተምሯቸው። ከዚያም እያንዳንዱ «ለጎረቤቴ ስል ከእኔ ምን ይቆረጥ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።