መልሱን ከሰሙ በኋላ ዳኝነት

«እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» ሳይባባል ያደገ ከመካከላችን ያለ አይመስለንም። ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው ይገምታል፣ ይስታል፣ ደግሞ ይገምታል። ሲያቅተው «እንግዲያው አገር ስጠኝ» ይባላል። ጎንደርን ይሰጣል፤ ጎንደር አልበቃ ካለ ሐረርን ይጨምራል። ጠያቂው አገሩን ተረክቦ፣ እንደ ልቡም ከቀለደበት በኋላ መልሱን ያወጣል። መልሱ ሲወጣ ታዲያ ሁልጊዜ ከጥግ የሚሰማ ድምፅ አለ፤ «ኧረ ይሄንንማ ዐውቀው ነበር!» ምን ዋጋ አለው፣ አገሩ ሄዷል።

ይህን የልጅነት ጨዋታ እንደገና እንድናነሣ ያደረገን የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አንድ ማታ በማደሪያ ክፍላችን፣ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሚማረው ወንድማችን በየወረቀቱ ላይ ክብ ክብ እየሠራ አደለን። «ይህ ሮተር ነው፤ በሞተሩ መካከል የሚዞረው ብረት። ጥቂት ማግኔት ሰጥቻችኋለሁ። ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ የት የት ታስቀምጡታላችሁ?» አለን። ግማሾቻችን ማግኔቱን በክቡ ቆዳ ላይ ለጠፍነው። አንዱ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ከመካከል ወደ ዳር ዘረጋው (ይህ ሰው ብዙም አልተሳሳተም፤ እንዲህ ያለ ሮተር አለ)። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ አደይ አበባ ሣለች። በመጨረሻ ጠያቂያችን ከክቡ ዳር ጥቂት ገባ ብሎ፣ ሁለት ሁለቱን ማግኔት አጋድሞ፣ ተገልብጦ የተጻፈ «ለ» አስመስሎ አሳየን። የ«ለ»ው አፍ ወደ ውጭ የተከፈተ ነው።

«እንዴ! ይሄማ ግልጽ ነው!» አልን በአንድ አፍ።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ የቆየው የሕግ ተማሪ «ግልጽ ከሆነ ለምን አልሣላችሁትም?» አለ።

መብራት እስኪጠፋ ተከራከርን፤ ከጠፋም በኋላ ቀጠልን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የተረፈው ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንቆቅልሽ እንደሆነ እንይ። ማግኔት በሮተሩ ቆዳ ላይ ሲለጠፍ ሥራው አንድ ነው፤ በዙሪያው ካለው፣ ሽቦ ከተጠመጠመበት ቋሚ ክፍል ጋር መሳሳብና መገፋፋት። በብረቱ ውስጥ ሲቀበር ግን ሁለተኛ ኃይል ይመጣል። ብረት፣ ራሱ ማግኔት ባይሆንም፣ የማግኔት ፍሰት በቀላሉ ወደሚያልፍበት አቅጣጫ መዞር ይወዳል። የተቀበረው ማግኔት ደግሞ ለሚመጣው ፍሰት እንደ አየር ክፍተት ያህል እንቅፋት ስለሆነ፣ ሮተሩ በአንድ በኩል ሰፊ መንገድ፣ በሌላ በኩል የተዘጋ መንገድ ይኖረዋል። ከዚያ ልዩነት ተጨማሪ የማሽከርከር ኃይል ይገኛል። ማግኔቶቹን ጥንድ አድርጎ ማጋደል ደግሞ ፍሰታቸውን ወደ አንድ ቦታ ያጠራቅመዋል። ታዲያ ማግኔቱ እንዳይወጣ የሚይዘው በዳር ያለው ቀጭን የብረት ድልድይ ነው። ድልድዩ ከወፈረ ፍሰቱ በእሱ አቋርጦ ይባክናል፤ ከቀጠነ ሮተሩ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲዞር ማግኔቱ ብረቱን ቀድዶ ይወጣል። እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ሚሊሜትር ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሁለተኛው ቶዮታ ፕሪየስ ማግኔቶቹን የደረደረው በዚህ በተገለበጠ «ለ» ዐይነት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም፣ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ስንቱ «ለ»ውን አስፍቷል፣ አጥብቧል፣ ደርቧል፣ ሦስተኛ ማግኔት እንደ ጣራ ደፍቶበታል። እያንዳንዱም ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «አገር ስጡኝ» ይላል።

ፓተንት ማለት ይኸው ነው። ጠያቂው መልሱን ለሕዝብ ይገልጣል፤ መንግሥትም ለ20 ዓመት ያህል «ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አይሥራው» ይልለታል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው። በእንቆቅልሽ አገሩ የሚሰጠው መልሱ ከመነገሩ በፊት ነው፤ አለማወቃችንን በገዛ አፋችን መስክረናል። በፓተንት ቢሮ ግን መርማሪው መልሱን አስቀድሞ ያነባል፣ ሥዕሉን ያያል። ከዚያ በኋላ ነው «ሙያውን የሚያውቅ ተራ ባለሙያ፣ ማመልከቻው በገባበት ቀን፣ ይህ ነገር ግልጽ ይሆንለት ነበር ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው። ያወቀ ሰው አለማወቁን እንዲያስታውስ ይፈረድበታል። ወርቁ የተፈታለት ሰው ቅኔውን እንዳልተፈታ አድርጎ እንዲሰማው እንደማለት ነው። ጉዳዩ የምሕንድስና ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ነው የምንለው ለዚህ ነው።

በአሜሪካ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ሞተር ፓተንት የወሰደው ቀጥቃጭ ነው። (በኛ አገር ቀጥቃጭን ምን እያልን ስንጠራው እንደኖርን ይታወቃል፤ እሱ ለሌላ ቀን ይቆየን።) የቨርሞንቱ ቶማስ ዴቨንፖርት በ1833 በአንድ የብረት ማዕድን ሥራ ቦታ ማዕድን የሚለይ የኤሌክትሪክ ማግኔት አይቶ ልቡ ተሰቀለ። ገዛው፤ ቤቱ ወስዶ ፈታታው። ሚስቱ ኤሚሊ የሠርግ ቀሚሷን ሐር ቀድዳ ሽቦውን እንደጠቀለለችለት ይተረካል። የካቲት 25 ቀን 1837 የፓተንት ቁጥር 132 ተሰጠው። የተሰጠው አገር ግን ጠፍ መሬት ሆነ፤ የዚያን ዘመን ባትሪ የሚበላው ዚንክ ከእንፋሎት ይልቅ ውድ ነበርና ሞተሩን የሚገዛ ጠፋ። የ14 ዓመቱ መብት ባለቀበት በ1851 ዴቨንፖርት ራሱም ሞተ።

በዚያው በ1851 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ በር እጀታ አንድ ጉዳይ ወሰነ። እጀታው በፊት ከእንጨት ወይም ከብረት ይሠራ የነበረ ነው፤ አመልካቾቹ ከሸክላ ሠሩት። ፍርድ ቤቱ ማንም የእጅ ባለሙያ የማያቅተው ነገር ፈጠራ አይባልም አለ። ልክ ነው እንላለን። በ1950 ደግሞ የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ማስነሻውን ከቦታው ያዛወረ ሰው ቀርቦ ሌላ ፍርድ ቤት መለሰው፤ ማሽኑ እንደ ድሮው የሚሠራ ከሆነ ቦታ መለወጥ ብቻውን ምን ይፈይዳል? ይህም ልክ ይመስላል። ነገር ግን አንድ መርማሪ ይህን ውሳኔ ይዞ ወደ ሮተር ሲመጣ ልንጠነቀቅለት ይገባል። የመጭመቂያው ማስነሻ ግራም ቀኝም ቢቀመጥ ያው ማስነሻ ነው። በሮተር ውስጥ ግን ቦታ ማለት ሥራው ራሱ ነው። ማግኔቱን ከቆዳው ወደ ውስጥ ያስገባ ሰው ዕቃ አላዛወረም፤ ቀድሞ ያልነበረ ኃይል ጠርቷል።

እዚህ ላይ የምሕንድስናው ወንድማችን ራሱ ተነሥቶ ተቃወመን። «እሺ፣ መቅበሩ ፈጠራ ይሁን። በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከዚህ ዲግሪ እስከዚህ ዲግሪ ይሁን ብሎ የሚመጣውስ? እኔኮ በኮምፒዩተር በአንድ ሌሊት ሺህ ማዕዘን ሞክሬ የሚሻለውን ላወጣ እችላለሁ!» አለ። አነጋገሩ ያስቀናል፤ እውነትም አለው። በ1955 የተሰጠ አንድ ውሳኔ፣ የታወቀን አሠራር ይዞ በተለመደ ሙከራ የሚሻለውን መጠን ማግኘት ፈጠራ አይደለም ይላል። በዚህ ዐይን ካየነው ከማዕዘኖቹ አብዛኞቹ ይወድቃሉ፤ ይውደቁም። ግን ደግሞ የአሜሪካ የ1952 ሕግ ፈጠራው በምን ሁኔታ ተገኘ ብሎ መከልከል አይቻልም ብሏል፤ በአንድ ሌሊት ብልጭ ቢል ወይም አሥር ዓመት ቢለፋበት ልዩነት የለውም። ኮምፒዩተሩ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈልገው ሰው ባጠረለት ግቢ ውስጥ ነው። ማግኔት ይቀበር፣ ጥንድ ጥንድ ይሁን፣ ይጋደም ያለው ማን ነው? ግቢውን ማጠርና በግቢው ውስጥ መፈለግ አንድ አይደሉም ብለን እናምናለን፤ ወንድማችን ግን እስካሁን አልተቀበለንም።

ሌላው ችግር መርማሪው «ቀድሞ ታውቋል ወይ?» ሲል የሚፈልግበት ቦታ ነው። በ1973 ጆን ማሊንሰን የተባለ፣ በአምፔክስ ኩባንያ ስለ መቅረጫ ቴፕ የሚመራመር ሰው፣ የማግኔት አቅጣጫ ደረጃ በደረጃ እየዞረ ሲሄድ ፍሰቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሄዶ በሌላው ወገን እንደሚጠፋ ጻፈ። ጽሑፉ ነገሩን እንደ አንድ ጉድ አድርጎ ነው ያቀረበው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በበርክሌይ ክላውስ ሃልባክ ለአቶም ቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያዎች ያንኑ አደራደር ከራሱ መንገድ ደረሰበት፤ ዛሬ አደራደሩ የሚጠራው በሃልባክ ስም ነው፤ በሞተር ሮተርም ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ አንድ ሞተር ሠሪ ስለ ቴፕ የተጻፈ መጽሔት ማንበብ ነበረበት? መርማሪው ዛሬ በመፈለጊያው ሁለቱንም ጎን ለጎን አውጥቶ «ይኸው፣ ከዚህና ከዚህ ብትገጥም ያንተ ይወጣል» ማለት ይቀለዋል። ቁራጮቹን የት እንደሚፈልግ የነገረው ግን በእጁ የያዘው ማመልከቻ ነው።

እስካሁን ለፈጣሪው ጠበቃ ሆነን ቆይተናል። አንድ ታሪክ ግን ወደኋላ ይጎትተናል። ቻርልስ ግራፍተን ፔጅ ሐኪምና የኤሌክትሪክ ተመራማሪ ነበር፤ ከ1842 ጀምሮ የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ መርማሪ ሆነ። የቢሮው ሠራተኛ ለራሱ ፓተንት እንዳይወስድ ሕጉ ይከለክላል፤ ስለዚህ በ1830ዎቹ የደረሰበትን የኢንዳክሽን መጠምጠሚያ ሳያስመዘግብ፣ የሌላውን ሲመረምር ኖረ። በ1868 የአሜሪካ ምክር ቤት ለእሱ ብቻ የሚሆን ልዩ ሕግ አውጥቶ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፓተንቱን ሰጠው። በዚያው ዓመት ሞተ። ወራሾቹና አንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ በፓተንቱ ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ፤ የሚከፍሉት ያን ዕቃ ለዓመታት በነፃ ሲሠሩበት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ለፔጅ ያላዘነ የለም፤ እኛም እናዝናለን። ነገር ግን የተሰጠው አገር ሰው የሰፈረበት አገር ነበር። ለአንድ ሰው መራራት በስም የማይታወቁ ብዙዎችን ማስከፈል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

«ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?» ያለም ነበር። ፓተንት በተሰጠበት አገር ብቻ ነው የሚሠራው፤ አሜሪካ የታጠረው እዚህ ካልተመዘገበ አጥር አይሆንብንም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2024 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ እነዚህ ሮተሮች በየመንገዳችን እየዞሩ ነው። የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን ፈትተው እንደገና የሚጠመጥሙ ባለሙያዎቻችን ነገ ሲከፍቱት ተገልብጦ የተጻፈውን «ለ» ያገኙታል። ከእነርሱ አንዱ፣ ወይም ከኛ አንዱ፣ «እንዲህ ቢጋደምስ?» ሊል ይችላል። የኛም አገር ሕግ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123፣ ከፓተንት ሌላ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባል በር ከፍቷል። በሩ ላይ የሚቀመጠው ዳኛም ነገ ከዚሁ ግቢ የሚወጣ ተማሪ ነው። ሥዕሉን አይቶ «ይሄማ ግልጽ ነው» ማለት በአንድ ማታ ስንት ጊዜ እንደቀለለን አይተናል።

የሕግ ተማሪው መድኃኒት አለ አለን። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ስለ አንድ ማረሻ ጉዳይ ሲወስን፣ ዳኛ ከራሱ ግምት ውጭ ሌላ ምስክር እንዲያይ መንገድ አሳይቷል፤ ችግሩ ለረዥም ጊዜ የተሰማ ነበር ወይ? ሌሎች ሞክረው አቅቷቸው ነበር ወይ? ይህ ወደ እንቆቅልሹ ይመልሰናል። እሳት ዳር ከተቀመጡት ስንቱ ገምቶ ሳተ ብሎ መጠየቅ ነው። ወደድነው። ችግሩ የሳተ ሰው ስህተቱን አያሳትምም። ፓተንት ቢሮ የሚገባው፣ መጽሔት ላይ የሚወጣው፣ የተሳካው ነው።

በማግሥቱ እኛም የራሳችንን ምስክር ልናስቀምጥ የዚያን ማታ ወረቀቶች ፈለግን። ክፍሉ ተጠርጎ ነበር። የተገኘችው የአደይ አበባዋ ብቻ ነች፤ እሷንም ቆንጆ ናት ብሎ አንዱ ከአልጋው በላይ ለጥፏታል።