አበባውና ለቃሚዋ

በጅማ ከተማ፣ በበቾ ቦሬ ቀበሌ፣ ጧት ጧት ከየደጃፉ የሚወጣው የቡና ቁሌት ጢስ ከጉሙ ጋር ሲቀላቀል፣ ለመንገደኛው ሠፈሩ ሁሉ ድካም የማያውቅ መስሎ ይታየዋል። እንዲህ ባለ ጧት በጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አቦሉን የሚጠብቅ ደራሲ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም። ይህን ጢስ፣ ይህን ልምላሜ፣ ይህን ሲኒ እያጣጣሙ መጻፍ ሥራ ነው ወይስ ከሥራ መሸሽ?

ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ከበጋው ድርቅ በኋላ በቂ ዝናብ ሲጥል፣ ሳምንት አለፍ ብሎ ቡናው ነጭ አበባውን ያፈካል። መዓዛው ከሩቅ ይጣራል፤ ዕድሜው ግን ከጥቂት ቀናት አይዘልም። ከዚያ ወዲያ ፍሬው እስኪቀላ ከ7 እስከ 9 ወር ይፈጃል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት መለቀም አለበት። ገጣሚ ዘወትር የሚመጣው ለአበባው ነው፤ የምታርመው፣ የምትለቅመው፣ በአልጋ ላይ ዘርግታ የምታገላብጠው ሴት ግን ከወራቱ ሁሉ ጋር ናት። ስለዚህም አበባውን አወድሶ እጇን የዘነጋ ብዕር ሲወቀስ ኖሯል። ወቀሳው ተገቢ ነው።

ይሁንና ወቀሳው ከልክ ሲያልፍ ሌላ በደል ወለደ። ሠርቶ አደሩ በወረቀት ላይ ላብና እሮሮ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለቃሚዋ ግን ቅርንጫፉን አጎንብሳ ቀዩን ከአረንጓዴው ስትለይ ከባልንጀራዋ ጋር ትሳሳቃለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ጎረቤት ታማለች። (ሐሜቱን የዘለለ ደራሲ ዋናውን ቅመም ዘለለ።) ማታ እግሯን ታጥባ እሳት ዳር ስትቀመጥ፣ ያቺ ሰዓት የራሷ ናት፤ ማንም አልሰጣትም። ይህን ሁሉ የነፈጋት ጽሑፍ ተቆርቋሪ ነኝ ቢልም እኩሌታ ሰውነቷን ቀምቷታል።

የኢሉባቦር ልጅ በዓሉ ግርማ ለዚህ ነገር ቅርብ ምስክር ነው። በ1966 ዓ.ም. በታተመው «የኅሊና ደወል» መምህሩን ሐዲስን ወደ ቡናማዪቱ ሱጴ ወስዶ ትምህርት ቤት ለማሠራት ሲታገል አሳየ። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በ«ደራሲው» የጸሐፊን የዕለት ኑሮ ራሱን ጉዳይ አደረገው። የዋናው ገጸ ባሕርይ የሲራክ መነሻ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር መሆኑ ሲነገር ኖሯል። ስብሐት (1928-2004 ዓ.ም.) ተራ የተባለውን ሰው ሳይኮንንና ሳያመልክ፣ ጨዋታውን እንደ ጨዋታ ሰምቶ ጻፈ። ብዙዎች ይህን ስንፍና አሉት። ግን ሌሊቱን ሙሉ በውቤ በረሃ የሚያወጉ ሰዎችን ቃል ሳያጣምሙ ወደ ወረቀት ማምጣት ከባድ ጆሮ አይሆንለትም፤ ተድላን የማያውቅ ሰው የሌላውን ተድላ ከየት ሰምቶ ይጽፈዋል?

ደግሞም በየዕለቱ ኑሮ መደሰት ዓይንን ያፈዝዛል የሚለው ክርክር በራሱ በበዓሉ ዕድል ይፈርሳል። የሰውን ወግ፣ ፍቅርና ግብዣ በፍቅር ያየው ያው ዓይን የጦርነቱንም ሐሰት አየ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ታገደ፤ በ1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ቀሪው ጥያቄ የብድሩ ነው። ሲኒውን ያጣጣመ ጸሐፊ ለለቃሚዋ ምን ይመልሳል? ምስጋና አይበቃትም፤ እንባውም አያስፈልጋት ይሆናል። ምናልባት ስለ ራሷ የተጻፈውን ስታነብ፣ ወይም ሲነበብላት፣ «ይህስ እኔ አይደለሁም» የማትልበትን ገጽ። ይህ ደግሞ ከአበባው ወር በኋላም መቆየትን ይጠይቃል፤ ቡናው አረንጓዴ ሆኖ፣ የሚታይ ነገር በሌለበት ወራት፣ ዝናቡ ሳያባራ በጭቃው ሲኬድ።

በበቾ ቦሬ ቶናው ተቀድቶ ቆሎው ይዞራል። ባለቤቲቱ የመንደሩን ወሬ ከጀመረችበት ቀጥላለች፤ በረካው ገና ነው፤ እንግዳውም ብዕሩን ኪሱ ከቶ ያደምጣል።