ከመፍረድ በፊት መመርመር

አንድ ነገር በተበላሸ ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ወደ ልባችን ይመጣሉ። አንደኛው «ምን ሆነ?» የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው «ማን አጠፋ?» የሚል ነው። ከሁለቱ የትኛውን ማስቀደም ይገባናል? ነገሩ ቀላል ቢመስልም፥ የብዙ ሰው እንጀራና ስም በዚሁ ቅደም ተከተል ላይ የቆመ ነው።

ይህን ለማስረዳት በጣና ሐይቅ ዳር ያየነውን እንጥቀስ። አንድ የጀልባ ባለቤት፥ በባሕር ጠረፍ ብዙ ዘመን ያገለገለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ገዝቶ አመጣ። እንዲህ ያለው ሞተር ዘይቱን ከቤንዚን ጋራ ተቀላቅሎ የሚጠጣ ስለ ሆነ፥ ልኩ ሊጠበቅለት ይገባል፤ ለብዙዎቹ ሞተሮች ልኩ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። ዘይቱ ቢያንስ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋራ ተፋጭቶ ይጣበቃል፤ ቢበዛም ካንዴላው በቅባት ይታፈናል። ያ ሞተር ጣና ላይ በገባ ጊዜ ያስልና ይጨስ ጀመር፤ ጉልበቱም ደከመ። ካንዴላው ተፈትቶ ቢታይ ጠቁሮ ተገኘ። ባለቤቱም «ዘይት አብዝተህ ነው» ብሎ ቤንዚን ቀላቃዩን ወጣት በዚያው ቀን አሰናበተው። ወጣቱ ልኩን እንዳላዛባ ቢናገርም የሰማው አልነበረም። እኛም በስፍራው ቆመን ሳለን፥ ነገሩ እውነት መስሎን ራሳችንን ነቀነቅን።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ተጠራ። መፍቻ ከማንሣቱ በፊት «ይህ ሞተር ቀድሞ የት ይሠራ ነበር?» ሲል ጠየቀ። ቀጥሎም ካንዴላውን በጣቱ ዳሰሰ። ዘይት የበዛበት ካንዴላ እርጥብና ቅባታም ይሆናል፤ ይኸኛው ግን ደረቅ ጥላሸት ነበረበት። ደረቅ ጥላሸት ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ መጠን በላይ እንደ በዛ የሚመሰክር ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ካርቡራተሩ ግን ለቀድሞው አገር አየር እንደ ተለካ ቤንዚኑን ያፈስ ነበር። ሽማግሌው ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ በጠበበች ቀይሮ አዲስ ካንዴላ ቢገጥም፥ ሞተሩ ሳያስል ተነሣ።

ሞተሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ዳነ፤ የወጣቱ ስም ግን አልዳነም። ባለቤቱ ተጸጽቶ ቢያስጠራው፥ «ሞተር አበላሽ» የሚለው ስም በወደቡ ሁሉ ተሰምቶበት ሥራ ስላጣ አገሩን ለቆ ሄዷል ተባለ። ያለ ምርመራ ራሳችንን የነቀነቅን እኛም ከዕዳው ነጻ አይደለንም።

«ታዲያ ጥፋተኛ አይጠየቅ?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ይጠየቅ እንጂ። ዘይት ሳይቀላቅል ሞተር ያቃጠለ ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን እርሱን ከንጹሑ ሰው የሚለይልን ያው ምርመራ ነው።

በመሥሪያ ቤትም በትምህርት ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነው። በአንድ ስፍራ የተለካውን ልክ ወደ ሌላ ስፍራ ወስደን፥ ሥራው ባልተቃናልን ጊዜ በቅርብ ያገኘነውን ሰው እንወቅሳለን። ማታ የሚያጠናበት መብራት የሌለውን ተማሪ መብራት ባለው ተማሪ ልክ መዝነን «ሰነፍ ነው» እንላለን። ሽማግሌው ያስቀደማትን አንዲት ጥያቄ ግን እንረሳለን።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። የፈሰሰ እህል በእርግጥ ይለቀም ይሆናል፤ የፈሰሰ የሰው ስም ግን ተለቅሞ አያልቅም።