ከምዝገባ እስከ ፍጻሜ

ልጆቼ ሆይ፤ በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት መምህር ፍለጋ አገር ለአገር ከመዞር የሚያሳርፍ፥ ስለ ስንቅና ስለ ማደሪያም የማያስጨንቅ ስለ ሆነ፥ ለመጀመር እንደ እርሱ የቀለለ፥ ለመፈጸምም እንደ እርሱ የከበደ ያለ አይመስለኝም። የቀድሞው የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ የመንደሩን ውሻ በበትር እየተከላከለ ከጉባኤ ቤት ይደርስ ነበርና፥ ያን ያህል የደከመበትን ትምህርት ጥሎ መመለስ ያሳፍረው ነበር፤ እናንተ ግን ያለ ድካም ከገባችሁበት ያለ እፍረት ትወጣላችሁ።

ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በ2012 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ለዓለም ሁሉ በነፃ በከፈተ ጊዜ፥ ከ150,000 የሚበልጥ ሰው ተመዝግቦ ምስክር ወረቀት ለመቀበል የበቁት 7,157 ብቻ ነበሩ። ጥቂት ቀምሶ የሚበቃው ሰው መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን ከፈጸሙት መካከል ፍጹም ውጤት ያገኘውን የ15 ዓመት የሞንጎሊያ ዋና ከተማ የኡላንባታር ብላቴና ተመልከቱ። ይህ ልጅ ታናሽ እኅቱ ከመኪና ማቆሚያው መውጫ ስትጫወት አደጋ እንዳያገኛት፥ መኪና ሲመጣ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ሠርቶላት ነበር። ብቻውንም አልተማረም፤ ርእሰ መምህሩ ከጓደኞቹ ጋር እንዲከታተል አድርገው፥ የቤተ ሙከራ መሣሪያ የያዘ ረዳት ከአሜሪካ መጥቶላቸው ነበር። እንግዲህ ዕውቀቱ የሚውልበት ሥራ ከደጃፉ፥ የሚያበረታው ጓደኛም ከጎኑ ነበረ።

በአገራችንም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን በኢንተርኔት ለማስተማር በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ብዙዎቻችሁን የሳበው በምስክር ወረቀቱ መሆኑን አውቃለሁ። እንጀራን መሻት ነውር አይደለም፤ ሥራ ፈላጊ ማስረጃ ቢሻ ማን ይፈርድበታል? ዳሩ ግን ምስክር ወረቀት ለምዝገባ ያጣድፋል እንጂ፥ ትምህርቱ ሲጠጥር፥ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ፥ ሌሊቱም ሲገፋ ከመጽናት አያደርስም።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ አስቀድሞ «በዚህ ትምህርት የምሠራው ምንድር ነው? የሚጠቅመውስ ማንን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ። መልሱ ታላቅ ነገር መሆን የለበትም፤ የእናታችሁን ሱቅ የዱቤ ሒሳብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ይበቃል። ከዚያም በሳምንት አንድ ቀን፥ በቁርጥ ሰዓት፥ የተማራችሁትን የሚጠይቃችሁ ባልንጀራ ያዙ፤ የጀመራችሁትን ሳትፈጽሙም ሁለተኛውን አትክፈቱ።