የነጐድጓድ ጌታ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ሰው ከጥንት ጀምሮ የዐውሎንና የነጐድጓድን ኃይል እያየ ይፈራል፤ ፈርቶም ፈጣሪውን ትቶ ለፍጥረት ይሰግዳል። ከነዓናውያን ዝናምን የሚሰጥ፣ መብረቅን የሚወረውር ነው ብለው በኣልን አመለኩ። በጃፓን አገር፣ በኪዮቶ ከተማ ያሳካ በሚባለው የሺንቶ መቅደስ፣ ሱሳኖ ለተባለው የዐውሎ አምላካቸው ሕዝቡ ዛሬም እያጨበጨበ ይሰግዳል። ይህን የሰማ ክርስቲያን ግን በሰው አገር ከመፍረዱ በፊት ወደ ራሱ ቤት ይመልከት። በወገራና በዳባት ደጋ ገብሱ ለአጨዳ ሊደርስ ሲል በረዶ ይወርድበታል ብሎ የፈራ ሰው፣ ጧት አስቀድሶ ማታ በዛፍ ሥር ለአድባር ደም ቢያፈስ ከዚያ በምን ይሻላል? ያ ወንጌልን ሳይሰማ ነው፤ ይህ ግን ሰምቶ ነው።

ቤተ ክርስቲያንንም እንደ ክታብ መቍጠር አይገባም። በጎንደር ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1707 ዓ.ም. በመብረቅ ጠፋ። ስፍራው ግን ባዶ አልቀረም፤ በጣሪያው የመላእክት ፊት የተሣለበት የዛሬው መቅደስ ተተካ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ድርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠለ ጊዜ ይህን መቅደስ የንብ መንጋ እንደ ጠበቀው አባቶች ይናገራሉ። አንዱን መብረቅ ወሰደው፣ ሌላውን ንብ ጠበቀው፤ የመብረቁም የንቡም ጌታ ግን አንድ ነው።

ኤልያስ የበኣልን ነቢያት ካሳፈረ በኋላ በኮሬብ ብርቱ ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት በፊቱ አለፉ፤ እግዚአብሔር ግን የተናገረው በቀጭን ድምፅ ነው። ጌታችንም በገሊላ ባሕር አስቀድሞ የደቀ መዛሙርቱን እምነት ማነስ፣ ቀጥሎ ነፋሱን ገሠጸ።

እንግዲህ ከአራዳ ወደ ደብረ ብርሃን የምትሄዱ ሁሉ፣ ነጐድጓድ ሲያስፈራችሁ በንስሓና በምሕላ ወደ ጌታው ቅረቡ። ካህናት ሆይ፤ ወደ ዛፍ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ብቻውን የቀረ ሰው ነውና፣ በረዶ ሰብሉን ያጠፋበትን ከመገሠጽ በፊት ቤቱ ሄዳችሁ አጽናኑት። ምእመናንም ከጎተራችሁ ዘር አዋጡለት። በክረምት የወንድሙን እጅ ያገኘ ሰው አድባርን አይለምንምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።