የሰጠሁት የት ደረሰ?

ሳሎኔ ጥግ ላይ አራት መቶ ሊትር የምትሆን ባሕር አለችኝ። ባሕር ስል የመስታወት ሣጥን ነው፤ ጨዋማ ውኃ፣ ጥቂት ዓሣዎችና ኮራል። ሜሪላንድ የምኖር የመርጡለ ማርያም ልጅ ነኝ። እናቴ በቪዲዮ ያየችው ቀን «ይበላል?» አለችኝ። አይበላም አልኳት። «ታዲያ ለምኑ ነው የምትቀልበው?» ብላ ሳቀች።

ጣጣው የመጣው ከቀለቡ ነው። እኛ ቤት እንግዳ «በቃኝ» ቢልም «በሞቴ» ተብሎ ይጎርሳል። እኔም ዓሣዎቹ ወደ መስታወቱ በመጡ ቁጥር እበትንላቸው ነበር። በሁለት ወር ድንጋዩን አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ ሸፈነው። በጥርስ ብሩሽ ፋቅሁ፣ በእጄ ነጨሁ፣ አልጌ የሚበላ ቀንድ አውጣ ገዛሁ። በሳምንቱ ተመልሶ ከች! ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አልጌው ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ናይትሬትና ፎስፌት ይለቃል፤ አልጌው የሚፋፋው በዚያ ነው። ውኃው በማይዞርበት፣ ዝቃጭ በሚተኛበት ጥግ ደግሞ ይብሳል።

ተናድጄ ቀለቡን ከሞላ ጎደል ተውኩት። ይሄም አልሆነም፤ ኮራሉ ገረጣ። ኮራል ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን አስጠግቶ ይኖራል። እነሱ በብርሃን ምግብ ሠርተው ያካፍሉታል፤ እነሱም ቢሆኑ ጥቂት ናይትሬትና ፎስፌት ያሻቸዋል። ድንጋዩ ላይ የጠላሁት፣ ዘመዱ እዚያ ባለውለታ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ልስጥ ወይስ ልተው አልነበረም። ቀለቡን መጠንኩ፣ ውኃውን በየሳምንቱ መለካት ጀመርኩ፣ ዝቃጭ የሚተኛበት ጥግ እንዳይኖር የሞገድ ፓምፖቹን አዞርኩ። ኮራል እግር የለውም፤ ምግቡ የሚመጣለትም ቆሻሻው የሚሄድለትም ውኃው ሲንቀሳቀስ ነው።

በዚህ መሐል፣ ጥር ላይ፣ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። በየዓመቱ የማዳበሪያ ብር እልክለታለሁ። እሱ ያመሰግናል፣ እኔም እንቅልፌን በደንብ እተኛለሁ። ዘንድሮ ግን «ጋሼ፣ እንዳትቀየመኝ» ብሎ ጀመረ። «ማሳው ተዳፋት ነው። እርከኑ ከፈረሰ ቆየ። ሐምሌ ላይ አንድ ዶፍ ሲወርድ አፈሩን ከነማዳበሪያው ጠርጎት ይሄዳል። አንተ የምትልከውን ዓባይ ነው የሚበላው።»

«እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

ውኃ እኔ ቤት ሲቆም ያበላሻል፤ እሱ ማሳ ላይ ሲሮጥ። ጥፋቱ ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ጋ የሰጠሁትን እንጂ የደረሰበትን አላየሁም።

የኛ ወንዞች ከጣና በታች ወደ ዓባይ ይገባሉ። በወዲያኛው የጎጃም ክፍል ግን ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነስቶ ጣና ይገባል። እዚያ በ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ የታየውን እምቦጭ ገበሬዎች ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ አይተናል። አረሙ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ የሚያፋፋው ግን ከማሳውና ከከተማው ታጥቦ የሚወርደው ነው። ጣናን ልጉዳ ብሎ ማዳበሪያ የበተነ ገበሬ የለም። ሁሉም ልጆቹን ሊያበላ ነው የበተነው።

ታዲያ ክፋት በሌለበት ጥፋት አለ ወይ? «ሐሳቤ ጥሩ ነበር» ማለት ልቤን ያጠራው ይሆናል፤ ውኃውን ግን አያጠራውም። በሌላ በኩል፣ የሰጠ ሁሉ የሰጠውን ይከተል ከተባለ ማን ይሰጣል? እናቴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለተቀመጠ ነዳይ ስትመጸውት ምን ልታደርግበት ነው ብላ አትጠይቅም። ልክም ናት። እኔ የምለው፣ አንድ ጊዜ ለሰጠ መስጠቱ ይበቃዋል። በየዓመቱ ለሚሰጥ፣ ስልክ አንስቶ መጠየቅ ለሚችል ግን፣ አለመጠየቅ ራሱ ዕዳ ይሆናል። ካልጠየቀ የሚቀልበው የገዛ ደስታውን ነው።

ዘንድሮ ብሩን አስቀድሜ ላክሁ፤ ዝናብ ሳይጀምር እርከኑን በድንጋይ እንዲሠሩት። ወንድሜ ግን «ግማሹን ለማዳበሪያ አድርገው፤ መሬቱ ያለሱ አይሰጥም» አለኝ። የገረጣው ኮራሌ ትዝ ብሎኝ እሺ አልኩት።

ሐምሌ ሲያልፍ እደውልለታለሁ። ብሩ ደረሰህ ወይ ልለው አይደለም። አፈሩ ቀረ ወይ ብዬ ልጠይቀው ነው።