የተዘጋ ሥራ

ሰው ሌላው አይቶ ሊመረምረው በማይችለው ሥራው ላይ ጥርጣሬ ቢያድርበት፣ ያ ጥርጣሬ ግዴታ ይጥልበታልን? ወይስ «ክፉ አላሰብሁም» ብሎ ሥራውን ከነጥርጣሬው ሊያስረክብ ይችላልን? ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በባዶ ቀለህ ምሳሌነት አብረን እንድንመረምረው እወዳለሁ።

በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ሜዳ እስከ ዞብል ተራራ ባለው አገር፣ የጦር መሣሪያ የቤት ክብርና ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ቅርስ ሆኖ ኖሯል። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ፣ የእኛ ሰው ውጅግራ የሚለው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነበር። የዘመኑ ጓደኛ የሆነው የ1873ቱ የፈረንሳይ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥም እንደ ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት በጥቁር ባሩድ ይተኩስ ነበር። በዚያን ጊዜ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጋር በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለ ነበር፣ ተተኩሶ የወደቀው ቀለህም አይጣልም፤ ተለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ወደ ዝናር ይመለስ ነበር። ዛሬም በውጭ አገር ጥንታዊ ሽጉጥ የሚሰበስቡ ሰዎች፣ ጥይቱ በገበያ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ይህንኑ ያደርጋሉ። በአገራችን ግን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሥራትንም ስለሚከለክል፣ ከእኔ ምሳሌውን እንጂ ሙያውን አትውሰዱ።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አደጋው ግን ስውር ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ሞልቶ ይቀመጣል። ፈረንሳዮች በ1886 ለጠመንጃ ያዋሉት ጢስ አልባ ባሩድ ግን ኀይሉ የበረታ ስለ ሆነ ጥቂቱ ይበቃል፤ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨምሩትም ከሰፊው ቀለህ አይፈስምና አያስታውቅም። ያን ጊዜ አሮጌው ብረት ግፊቱን አይችልም፤ የሽጉጡ ጎራሽ ፈንድቶ የተኳሹን እጅና ዐይን ያጠፋል። ባሩዱ ቢያንስ ደግሞ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተወትፎ ይቀራል፤ ተከታዩ ጥይት ሲመጣ ብረቱን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ እርሳሱን ከመግጠሙ በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ያያል፤ ምንነቱን በማያውቀው ባሩድ አይሠራም፤ የተጠራጠረውን ፈትቶ ያፈሳል።

ቆቦ ገበያ ማሽላ የሚገዛ ሰው እጁን ወደ ጆንያው ሰዶ ከሥር ያለውን እህል አውጥቶ ያያል። ጥይት የሚቀበል ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። እርሳሱ ከተገጠመ በኋላ የደኅናውና የብልሹው ጥይት መልክ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቅ ቢኖር ሠሪው ብቻ ነው። እኔ እንደማምነው ግዴታው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ተቀባዩ መመርመር በማይችልበት ቦታ፣ የሠሪው ኅሊና ስለ ሁለቱም ማየት አለበት።

«ድኻ ነኝ፤ ጥይት ገንዘብ ነው፤ እንዴት አፈሰዋለሁ?» የሚል ይኖራል። ኪሳራው እውነት ነው። ነገር ግን የተጠራጠረውን ጥይት ያስቀመጠ ሰው ኪሳራውን አላስቀረም፤ ከራሱ ኪስ አውጥቶ በሌላው ዐይን ላይ ጫነው እንጂ። ሌላው ደግሞ «የምተኩሰው ራሴ ነኝ፤ ብጎዳም እኔው» ይላል። ዝናር ግን ለጎረቤት ይዋሳል፤ ለልጅም ይወረሳል። ሠሪው ሲሞት ጥርጣሬው አብሮት ይቀበራል፤ ጥይቱ ግን በዝናሩ ውስጥ ይቆያል፤ ልጁም አባቱን አምኖ ያጎርሰዋል።

ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ጥይት በእጃችሁ ላትነኩ ትችላላችሁ። ነገር ግን አንዱ መድኃኒት ቀምሞ ያሽጋል፤ አንዱ የቤት መሠረት ጥሎ አፈር ይመልስበታል፤ አንዱም መዝገብ አጣርቶ ይዘጋል። ከመዝጋታችሁ በፊት ልባችሁ ከተጠራጠረ፣ ቢያከስርም፣ ቢያደክምም ክፈቱና እዩ። ከተዘጋ በኋላ የሚያይላችሁ ሰው የለምና።